ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ

እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ባሌ ሕዝቅያስ ይህን አያውቅም፤ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እዚህ ሜልበርን፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ያሉት ወዳጆቻችን አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሲጋብዙን፣ ሰው ሁሉ ሳሎን ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ሲያደንቅ፣ እኔ መስኮት የሌለው ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን አጥባለሁ። «ማንተግቦሽ እኮ እጇ አርፎ አያውቅም» ይሉልኛል። የምን እጅ! ሽሽት ነው እንጂ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳታዝኑልኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2016፣ በሐምሌ ነው። ሕዝቅያስን ከልጅነቱ ጀምረው ያሳደጉት አጎቱ ጋሼ ዳምጤ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ማሪቢርኖንግ እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ ሰው። ጨዋነታቸው ግን ሰው ይጨርሳል። እኔና እሳቸው አንድ በር ላይ ከተገናኘን አለቀ።

«ጋሼ፣ ይግቡ።»

«ኧረ በጌታ፣ አንቺ ግቢ ልጄ።»

«አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

የገበያ ማዕከሉ ሊፍት በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ ተዘግቶብናል። የከተማው ባቡር፣ ትራሙ፣ ደግሞ አንዴ ጥሎን ሄዷል። የሰባት ዓመቷ ልጄ ዜማ ግንባሯን በእጇ መትታ «ጋይስ! በቃ ግቡ!» ትለናለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ልጃችን ጨዋ ሚስት አገባ እንዲባልልኝ የማልሆነው የለም።

ሕዝቅያስ ከመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነሮች ጋር ሁለት ክረምት በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ስኪ፣ ተምሯል፤ ከተማረ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። «ጋሼ በረዶ ሳይረግጡ አይመለሱም» ብሎ ለቅዳሜ ቡክ አደረገ። ቦታው እንዴት ያለ ነው ብዬ ብጠይቀው «ለሁሉም የሚሆን ተራራ ነው» አለኝ። «አረንጓዴው መንገድ ለጀማሪ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ ጥቁሩ እንደኔ ላሉት።»

«ለእኔስ የትኛው ቀለም ነው?»

«አንቺማ ካፌ ቁጭ ብለሽ ሆት ቾክሌት ትጠጫለሽ።»

ይህችን ሰምቼ ነው እሺ ያልኩት።

ከሜልበርን ጎህ ሳይቀድ ወጥተን አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ተራራ ስጠብቅ ከተማ ነው ያገኘሁት፤ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጫማና ልብስ የሚያከራዩት ሱቆች፣ ክሊኒኩ፣ ሺህ ሰው። ሰዉ ሁሉ እግሩ ላይ ስኪ የሚሏቸውን ሁለት ረጃጅም ጣውላ አስሮ ቁልቁል ይወረወራል። የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ አጠገቤ ሽው ብሎ ሲያልፍ እኔ በኪራይ ቦት ጫማ ሜዳ ላይ የሱቅ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ጋሼ ዳምጤ በረዶውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። «ይህ ሁሉ ሲቀልጥ የት ይሆን የሚሄደው?» አሉ።

ሕዝቅያስ ዜማን የልጆች ትምህርት አስገብቷት እሱ ወደ ላይ ወጣ። ዜማ ለሁለት ሰዓት፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ እንደሚያልፍበት ያለ ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ላይ እየወጣች፣ ትንሿን ተዳፋት ስትወርድ ዋለች። አስተማሪዋ ቼርሊፍት እንዴት እንደሚያዝም አስተማረቻቸው። ልጄ ስትመለስ እንደ ቃል ጥናት ጥቅስ በቃሏ ወጣችው፤ «በሩ ሲከፈት አትቁሚ። ቀዩ መስመር ድረስ ሂጂ። ቁጭ በይ። ወደ ኋላ ተደገፊ።» ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። ጎበዝ፣ አልኳት።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። ሕዝቅያስ ነው። «ጫፍ ላይ ነኝ፣ ምሳ እዚህ ነው፣ ኑ ውጡ! ቼርሊፍቱ በእግሩ የመጣንም ሰው ይወስዳል። ዜማ እዚህ ካለው አረንጓዴ መንገድ ከእኔ ጋር ትወርዳለች።»

ቼርሊፍት የሚሉት ጉድ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ፣ አራት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር ነው። አይቆምም። ከኋላ ዞሮ ይመጣና ጉልበት ሥር መታ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ወዲያው መሬቱ ከእግር በታች ይሸሻል። አንጋጥጬ ሳየው ወንበሮቹ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ አልፈው፣ አንድ ገደል ተሻግረው፣ ደመና ውስጥ ይገባሉ። «ሕዝቅያስ፣ እኔ እፈራለሁ» ማለት እኮ ሦስት ቃል ነው። ጋሼ አጠገቤ ቆመው፣ «እንግዲህ ልጄ ጠርቶናል» እያሉ ኮታቸውን ሲቆልፉ እንዴት ብዬ ልበል? ይሉኝታ አፌን ሸበበው።

ዜማ እጄን ያዘች። «አብረን ነን አይደል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እሷ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

«አብረን ነን። አንቺ ከጎኔ ነሽ፣ እጄን አትልቀቂ።»

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

ተራችን ደረሰ። ሦስታችን ወደ ወንበሩ የምታሳልፈው ትንሿ በር ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ከኋላችን ወንበሩ እየተንኳኳ ሲዞር ሰማሁት። በሩ ተከፈተ።

እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ያን ጊዜ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ወደ ጋሼ ዳምጤ ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ። ትልቅ ሰው ደግሞ በአንድ እጅ አይጋበዝም፤ ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁ። ሁለቱንም!

«ኧረ በጌታ፣ አንቺ ቅደሚ» አሉ እሳቸውም፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«አይሆንም ጋሼ!»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

አራት ሰው ጎን ለጎን በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ ምን መቅደም ምን መከተል አለ? ልጄ ግን በሩ ሲከፈት አትቁሚ ተብላለች፤ አልቆመችም። ስኪዋን እየጎተተች ቀዩ መስመር ድረስ ሄደች። ሠራተኛው በወዲያኛው በኩል የወደቀ ሰው ሲያነሳ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ወንበሩ መጣ፤ ዜማን አፍሶ ወሰዳት።

ቢጫ ሄልሜቷን ነው ያየሁት። አንድ ቢጫ ሄልሜት፣ ከጎኑ ሦስት ባዶ ቦታ።

«ወይኔ ልጄን!» ብዬ ጮህኩ። ሠራተኛው ዞሮ ቀዩን ቁልፍ ሲመታው ወንበሩ ሃያ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ በላይ ሆኖ ነበር። ድንገት ሲቆም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛወዘ። ዜማ ዞር ብላ አየችን። እኔና ጋሼ ዳምጤ እጃችን ገና እንደተዘረጋ ነው።

ወንበሩ ላይ ከአናት ወደ ደረት የሚወርድ መከለያ ብረት አለ። ብረቱ ወደ ላይ እንደቆመ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ እሱን ለማውረድ ብድግ ካለች ትወድቃለች። «ተደገፊ! አትንኪው! ተደገፊ!» እያለ ሠራተኛው ጮኸላት። አፍንጫውን ፀሐይ የላጠው ወጣት ነው። ሬዲዮውን አውጥቶ ከላይኛው ጣቢያ ጋር ተነጋገረና ወደ እኔ መጣ። ሊፍቱ ወደ ኋላ አይሄድም አለኝ፤ ቀስ አድርገን እናስወጣታለን፣ ላይ የሚቀበላት ሰው አለ፣ አንቺ ቀጣዩ ላይ ውጪና ከኋላዋ ሆነሽ አናግሪያት። ከዚያ ትከሻዬን ያዘና «ሪላክስ፣ ላቭ» አለኝ።

እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። በየቀኑ አሮጊቶቹን ከአልጋ በማንሻ ጨርቅ አንጠልጥዬ ወደ ዊልቸር አዞራለሁ። አየር ላይ ሆነው ክንዴን ሲጨመድዱኝ «ሪላክስ፣ ላቭ» የምለው እኔ ነኝ። በዚያው ድምፅ! ለካ ይህ ቃል አንጠልጥለውት ለሚሰማው ሰው ምንም አይጠቅምም።

እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ጉልበቴን መታኝ፣ ተቀመጥኩ፣ መሬቱ ሄደ። ከጎኔ ጋሼ ዳምጤ ነበሩ። ማንም ማንንም ቅደም አላለም። እሳቸው ብረቱን ጎትተው አወረዱልን፤ እኔ በሁለት እጄ ጨበጥኩትና የልጄ ወንበር ላይ ይህ ብረት እንዳልወረደ ትዝ አለኝ።

ቀጣዩ ወንበር አምልጦን ስለነበር በእኛና በእሷ መሐል አንድ ባዶ ወንበር አለ። «ዜማ! እማ እዚህ ነኝ፣ ከኋላሽ!» አልኳት። ዛፎቹን አለፍን። ከዚያ ገደሉ ላይ ስንደርስ ጉሙ መጣ። መጀመሪያ የዜማን ወንበር ዋጠው፤ ቀጥሎ ባዶውን፤ ቀጥሎ እኛን። ነጭ ብቻ ሆነ። ነፋሱ ተነሳ። ሊፍቱ ጓ አለና ቆመ።

«ጌታ ሆይ» አሉ ጋሼ።

ምን ያህል ከፍ እንዳልን አይታየኝም፤ አለመታየቱ ደግሞ ባሰብኝ። ከታች የወንዝ ድምፅ ይሰማል። ወንበራችን በነፋሱ ይወዛወዛል፤ የእኛ ሁለት ትልልቅ ሰው ተሸክሞ እንዲህ ከሆነ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ ልጅ የያዘውማ!

«ዜማ! ተደግፈሻል?»

«ተደግፌያለሁ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ስኪው እግሬን ይጎትተኛል።»

«አይዞሽ! አትነቃነቂ!»

«በጣም ይከብዳል።»

«ልትደርሺ ነው የኔ እናት! አሁን ይሄዳል!»

አይሄድም። ቆሟል። ምን ያህል ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። «እጄ በረደኝ» አለች። ቀጥሎ ሌላ ነገር አለች፤ ነፋሱ ወሰደብኝ። ከዚያ ከፊት ለፊት የሆነ ነገር ቃ ሲል ሰማሁ። ዝም። ዝም። ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ፣ ድም አለ።

አንድ ነገር ወድቋል።

«ዜማ!»

መልስ የለም።

«ዜማ! ዜማዬ! ተናገሪ!»

የለም። ብረቱን ወደ ላይ ገፋሁት፤ ወርጄ ልሂድ ነው፣ በምን እንደምወርድ እንጃ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ብረቱን መልሰው ደረቴ ላይ ያዙት። እንደዚያ ያለ ጉልበት አላቸው ብዬ አላስብም ነበር። «በኢየሱስ ስም፣ ቁጭ በይ! አንቺን ደግሞ አልጥልም!» አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቅደሚ ያልኩሽ ላከብርሽ አልነበረም። ፈርቼ ነው። ያንን ነገር ሳየው እግሬ ከዳኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ሰው ፊት እፈራለሁ ማለት አፈርኩ። ልጅቷን በፍርሃቴ ላክኋት።»

ይህን የሚሉት የልጄ መልስ በጠፋበት ሰዓት ነው። እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? «እኔም ጋሼ፣ እኔም እንደዚያው» ነበር የሚባለው። በዚያ ጉም ውስጥ ማን ይሰማኛል? ከእሳቸውና ከእግዚአብሔር በቀር ማንም የለም። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይተዉ ጋሼ፣ ምን ያድርጉ» አልኳቸው። ይቅር ያልኳቸው መሰልኩ። እሳቸው እጄን ሳሙ። የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው እጄን ሲስሙኝ አልሰበሰብኩትም።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ። «አንዱ ስኪ ወደቀ።»

«ዜማ! ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልመለስሽልኝም?»

«አብረን ነን ብለሽኝ ነበር» አለች።

ኩርፊያ ነው። ልጄ ገደል ላይ ተንጠልጥላ አኩርፋኛለች። አለቀስኩ፤ ሳቅሁም መሰለኝ፤ አላውቅም። ሊፍቱ ጓ ብሎ እንደገና መሄድ ጀመረ።

ጫፍ ላይ ስንደርስ አንዲት ሠራተኛ ወንበሩን አቁማ ዜማን አውርዳት፣ ሕዝቅያስ ደረቱ ላይ ሙጭጭ አድርጓት አገኘሁ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ቀኝ እጇ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ስለቆየ ጣቶቿ አልዘረጋ ብለዋል። እጆቼን ዘርግቼ ሄድኩ። እነዚያኑ ሁለት እጆች። ዜማ ፊቷን አባቷ አንገት ውስጥ ቀበረች።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለ ሕዝቅያስ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሼ ዳምጤ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

በማግስቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምስክርነት ተነሡ። ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ ሁሉን ነገር፣ ፍርሃታቸውን ሳይቀር፣ በሰው ፊት ተናገሩ። ሰዉ እልል አለ። እህቶች አቅፈው ሳሙኝ፤ «የእናት ጸሎት ነው ያዳናት» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው። አሜን አልኩ። ደግሞ አሜን አልኩ! ዜማ መሐላችን ተቀምጣ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። የምታውቀው ነገር ያለ መሰለኝና ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት አላለቀሰችም፤ አልቃዠችም። ሕዝቅያስ «ልጅ ይረሳል» አለኝ። እኔም ረሳች ብዬ ነበር፣ እስከ ማክሰኞ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወስደናት፣ እኔ፣ እሷና ጋሼ ትራም ፌርማታ ቆምን። ትራሙ መጣ። በሩ ተከፈተ። እኔና ጋሼ ተያየን፤ አፋችንን አልከፈትንም። በዚህ መሐል ዜማ እጇን ከእጄ አወጣች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሁለቱንም ትንንሽ እጆቿን ልክ እንደኔ ዘረጋቻቸውና፣ በጠራ አማርኛ፣ «እማዬ፣ አንቺ ቅደሚ» አለችኝ።

የሳቅኩ መስዬ ወጣሁ። ዞር ስል አልተከተለችኝም። የፌርማታውን ምሰሶ በቀኝ እጇ አንቃ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ምን እንደማደርግ ታየኛለች። በሩ ሊዘጋ ጮኸ። ተመልሼ ዘልዬ ወረድኩ፤ ትራሙ ጥሎን ሄደ።

እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንበረከክሁ። ጋሼ ከኋላዬ እንደቆሙ አውቃለሁ፤ እንዲሰሙም ነው። «ዜማ፣ ያን ቀን ጋሼን ይቅደሙ ያልኳቸው አክብሬ አይደለም። ፈርቼ ነው። እጅሽን የለቀቅኩት ፈርቼ ነው። ጋሼ ብቻቸውን አላጠፉም፤ እኔ ቀድሜ ነው የፈራሁት» አልኳት። ከኋላዬ ጋሼ ዳምጤ ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍሱ ሰማሁ። ዞሬ ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች። «ግን በሩ ተከፈተ።»

ሌላው ትራም ከስምንት ደቂቃ በኋላ መጣ። ሦስታችንም በአንድ ላይ ተጣበን ወጣን፤ ነጂው በመስታወቱ አየን። ዜማ ከጎኔ ቆመች። እጇን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ ኪሱን ከውስጥ ጨብጣ ያዘችው። እጄን ግን አልያዘችም።